ከሰሉ ተቀየረ፤ ጭስ ማውጫውስ?

የሞንጎሊያ መዲና ኡላንባታር በዓለም ካሉ ዋና ከተሞች ሁሉ ቀዝቃዛዋ ናት። በጃንዋሪ ወር አማካይ የሙቀት መጠኗ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪን ያልፋል፤ ሌሊት ከዜሮ በታች 35 ወይም 40 ቢደርስ ነዋሪው አይደነቅም። ከተማዋ በቱል ወንዝ ሸለቆ ውስጥ፣ በተራሮች ተከብባ ነው የተቀመጠችው። በብርድ ወራት ቀዝቃዛው አየር ከሸለቆው ወለል ላይ ይተኛል፤ ሞቅ ያለው ከላይ ይንጣለልበታል። ስለዚህ ከየቤቱ የሚወጣው ጭስ ሽቅብ የሚሄድበት መንገድ አጥቶ እዚያው ሰፈር ውስጥ ያድራል።

በዚያች ከተማ ብርዱ ለሁሉም አንድ አይደለም። የመሀል ከተማው ፎቆች ከኃይል ማመንጫ ጣቢያዎች በቧንቧ በሚመጣ ሙቅ ውሃ ስለሚሞቁ፣ ውጭው በረዶ ቢሆንም ነዋሪው ቤቱ ውስጥ በሸሚዝ ይውላል። በዙሪያው ኮረብቶች ላይ በተዘረጉት የጌር ሰፈሮች ግን ቧንቧው የለም። ጌር በእንጨት አጽም ላይ ከበግ ፀጉር ተጠቅጥቆ የሚሠራ ወፍራም ልባስ የሚደረብበት ክብ የአርብቶ አደር ቤት ነው። ከከተማዋ ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጠው በእነዚህ ሰፈሮች፣ በጌር ወይም በአነስተኛ የግል ቤት ይኖራል። ብዙዎቹ ዙድ የሚባለው ጨካኝ የብርድ ወቅት ከብታቸውን ፈጅቶባቸው የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወደ 2010 የተሻገረው ዙድ ብቻ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ከብት ጨርሷል። ቤተሰቡ ከብቱን ሲያጣ ጌሩን ነቅሎ፣ በጭነት መኪና ጭኖ ከተማ ይገባል፤ መሀል ቤት የሚቆመው የብረት ምድጃም አብሮት ይመጣል።

ያ ምድጃ ለዓመታት የሚመገበው ጥሬ የድንጋይ ከሰል ነበር፤ በአንድ የብርድ ወቅት ለአንድ ቤት በቶን የሚቆጠር። ውጤቱ በሳንባ ላይ ታየ። በጃንዋሪ 30 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ.) በከተማዋ የተለካው ደቃቅ ብናኝ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር 3,320 ማይክሮግራም እንደደረሰ ዩኒሴፍ ዘግቧል። ይህ የዓለም ጤና ድርጅት በወቅቱ ለአንድ ቀን ካስቀመጠው ጣሪያ 133 እጥፍ ነው። ሕፃናት በሳንባ ምች ሆስፒታል ሞሉ፤ እናቶችና አባቶች ከእነልጆቻቸው አደባባይ ወጥተው ንጹሕ አየር ጠየቁ።

መንግሥት በሜይ 2019 ጥሬ ከሰልን በመዲናዋ ማዕከላዊ ወረዳዎች ከለከለ። በምትኩ በደቡብ ጎቢ ከሚገኘው ከታላቁ የታቫን ቶልጎይ የከሰል ማዕድን የተሠራ፣ በማሽን የተጠፈጠፈ ብሪኬት በድጎማ ዋጋ ለየሰፈሩ ቀረበ። በቀጣዩ የብርድ ወቅት የጭሱ መጠን በግልጽ ቀነሰ። ለዓመታት ከጭስ ጀርባ ተደብቆ ይነጋ የነበረው ተራራ በጠዋት መታየት ጀመረ። እስከዚህ ድረስ የሚያስመሰግን ሥራ ነው።

ነገር ግን አዲሱ ብሪኬት ወደ ቤት በገባባቸው የመጀመሪያዎቹ የመፀው ወራት ሰዎች በራስ ምታትና በማቅለሽለሽ ወደ ሆስፒታል ይጎርፉ ጀመር። በካርቦን ሞኖክሳይድ የተመረዙት ብዙ ነበሩ፤ የሞቱም አሉ። ከዚያ በኋላ የምድጃና የጭስ ማውጫ ፍተሻ ተጀመረ፤ የጋዝ ማንቂያ መሣሪያም ታደለ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል። ከሰሉ በፀደይ ተከለከለ፣ ብሪኬቱ በመፀው ተሸጠ፣ ጭስ ማውጫው የታየው ሰው ከታመመ በኋላ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር እዚህ ላይ ነው። ለከባድ ብርድ የቤት ምድጃ ሲዘጋጅ ሰው ሁሉ፣ መንግሥትም ጭምር፣ ዓይኑን የሚጥለው ከሰሉ ላይ ነው፤ ስንት ጆንያ ተገዛ፣ ዋጋው ስንት ነው፣ እስከ ማርች ያደርሳል ወይ። ቤተሰቡ በሕይወት የሚያድረው ግን በአየሩ መንገድ ነው፤ አየሩ በየት ገብቶ በየት ይወጣል በሚለው። ይህን መንገድ ማዘጋጀት ደግሞ ለአባወራው ብቻ የሚተው የጓዳ ጉዳይ አይደለም። ነዳጁን በአዋጅ የሚቀይር አካል ምድጃውንና ጭስ ማውጫውንም በዚያው አዋጅ፣ በዚያው በጀት መያዝ ነበረበት።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ከሰል በቂ አየር ሲያገኝ ካርቦኑ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። አየሩ ሲያጥር፣ ወይም ከታች የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በወፍራም ፍም መካከል አልፎ ሲወጣ፣ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ከደም ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በርትቶ በመሆኑ፣ ጥቂቱም ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፈስ ደሙን ይሞላዋል። የተኛው ሰው አይነቃም። የነቃውም ቢሆን ራሱ ይዞራል፣ እግሩ ይከዳዋል፣ በሩ ሦስት እርምጃ ላይ ሆኖ መድረስ ያቅተዋል።

ጥሬው ከሰል ቢያንስ ይጨሳል፤ ይከረፋል፤ ያስላል። ጭስ ማውጫው የተደፈነ ቀን ቤቱ በጥቁር ጭስ ይታፈንና ሰው ሳይወድ በሩን ይከፍታል። ጭሱ የተቀነሰለት ብሪኬት ይህን ማስጠንቀቂያ አብሮ ቀነሰው። የጭሱ ማነስ የካርቦን ሞኖክሳይዱ ማነስ አይደለም። ብሪኬቱ የሚጨስበት ነገር ስለቀነሰ ብቻ ንጹሕ መስሎ ይታያል፤ ፍሙ ግን ያው ካርቦን ነው፣ አየር ካጠረው ያንኑ ጋዝ ይሰጣል። ደግሞም የተጠቀጠቀ ነውና ፍሙ ረጅም ሰዓት ይቆያል። ቤተሰቡ እሳቱ አልቋል ብሎ በተኛበት ሰዓት ምድጃው ገና ሥራ ላይ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማይገምተው ነገር የብርዱ የራሱ ሚና ነው። ጭስ ማውጫ የሚስበው በውስጡ ያለው ጋዝ ከውጭው አየር ስለሚሞቅና ስለሚቀል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በሰፋ ቁጥር ስበቱ ይበረታል። ስለዚህ ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ በሆነ ሌሊት ጭስ ማውጫው ጋዙን እየመዠረጠ ያወጣዋል፤ ሰው በፍርሃት የሚያድርበት ሌሊት ከጋዙ አንጻር የተሻለው ሌሊት ሊሆን ይችላል። አስቸጋሪው ለስለስ ያለው ቀን ነው፦ ብርዱ ሳይጠነክር የሚነድደው የመጀመሪያው የመፀው እሳት፣ ወይም በበረዶው መሀል ድንገት የሚሞቅ ከሰዓት። እሳቱ ትንሽ ነው፣ ጭስ ማውጫው ቀዝቃዛ ነው፣ ውጭው ከውስጡ ብዙም አይለይም። ስበቱ ይደክማል፤ ጋዙ ወደ ላይ መሄዱን ትቶ በምድጃው ስንጥቅ፣ በበሩ ክፍተት፣ በቧንቧው መገጣጠሚያ ወደ ቤት ይመለሳል። ምድጃው ለክፉ ብርድ ተዘጋጅቷል የሚባለው በለዘበው ቀን ተፈትኖ ሲያልፍ ነው።

በጌር ውስጥ ያለው የምሽት ልማድ ነገሩን ያባብሰዋል። የጌር ምድጃ ብዙውን ጊዜ ከስስ ብረት የተሠራ ነው። ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል። እሳቱ ሲጠፋ ቤቱ በሰዓታት ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ ባልዲ ውስጥ ያለው ውሃ ይረጋል። ስለዚህ እናት ማታ ምድጃውን ትሞላና እሳቱ እስኪነጋ እንዲቆይላት አየር ማስገቢያውን ትደፍናለች፣ የጭስ መዝጊያውንም ትቀንሳለች። ልጆቿን ከብርድ ለማዳን የምታደርገው ይህ ጥንቃቄ ከሰሉ በአየር እጥረት እንዲብላላ የሚያደርገው ራሱ ነው። ስንፍና የለበትም፣ አላዋቂነት ብሎ መናቅም አይገባም። የምድጃው ብረት ወፍራም፣ የቤቱ ልባስ ድርብ ቢሆን ኖሮ ምሽቱን ሙሉ በደንብ አንድዶ የተጠራቀመው ሙቀት እስኪነጋ በደረሰ ነበር፤ እሳቱን ማፈን ባላስፈለገ ነበር።

ይህን ያሰቡ አልጠፉም። ከ2010 በኋላ በነበሩት ዓመታት በአሜሪካው የልማት ዕርዳታ ተቋም በሚሌኒየም ቻሌንጅ ድጋፍ በጌር ሰፈሮች በድጎማ የተሸጡ የተሻሻሉ ምድጃዎች ነበሩ። ጭሳቸው የሚያንሰው ከሰሉ አስቀድሞ ከተሞላ በኋላ እሳቱ ከላይ ሲለኮስና ወደ ታች ቀስ እያለ ሲወርድ ነው፤ ከታች የሚወጣው ጭስ በላይኛው ነበልባል ውስጥ አልፎ ይቃጠላል። ጥሩ ብልሃት ነው። ይሁንና ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ውስጥ እሳቱ እስኪያልቅ ጠብቆ፣ አመዱን አውጥቶ፣ እንደ አዲስ የሚለኩስ ማን ነው? ሰዉ በፍሙ ላይ ከሰል ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ብልሃቱ ይፈርሳል። የምድጃ ዝግጅት የሚባለው ነገር ከሚነድድበት ቤት ኑሮ ውጭ ተነድፎ ሲመጣ ዕጣው ይኸው ነው።

ከዚህ በጣም የተለየ ቤት፣ ግን ያው ጥቁር ድንጋይ የሚነድድበት፣ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት ሰሜን ምሥራቅ ይገኛል። የአሜሪካ አንትራሳይት ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚወጣው ከዚያ ነው። አንትራሳይት ከከሰል ዓይነቶች ሁሉ ጠንካራው፣ አብረቅራቂው፣ በካርቦን የበለጸገው ነው፤ ጭስ የለውም ማለት ይቀላል። ለማቀጣጠል ግን ግትር ነው። ለረጅም ጊዜ ያለ ወናፍ አይነድድም ተብሎ ይታመን ነበር። በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1808 ጄሲ ፌል የተባለ የዊልክስ ባሬ ከተማ ዳኛና የመጠጥ ቤት ባለቤት ከሰሉን በብረት ፍርግርግ ላይ አድርጎ፣ አየር ከታች እንዲገባለት አድርጎ፣ ያለ ወናፍ አነደደው። ከሰሉ ያው ነበር። የተለወጠው አየሩ የሚገባበት አቅጣጫ ነው፤ ከዚያ በኋላ የፊላዴልፊያና የኒውዮርክ ቤቶች በአንትራሳይት መሞቅ ጀመሩ።

በዚያ አካባቢ እስከ ዛሬ በእጅ የሚሞላ የከሰል ምድጃ ያላቸው ቤተሰቦች አሉ። ብርቱ ብርድ ሊመጣ ነው ሲባል የሚያደርጉት ነገር ለተመልካች አሰልቺ ሊመስል ይችላል፣ ግን ሁሉም ስለ አየር ነው። ፍርግርጉን በእጀታው እየነቀነቁ አመዱን ያራግፋሉ፤ ቀይ ፍም ወደ አመድ ሳጥኑ መንጠብጠብ ሲጀምር ያቆማሉ። ከዚያ በላይ ቢነቀንቁት እሳቱ ይወድቃል፤ ከዚያ በታች ቢተዉት አመዱ አየሩን ይዘጋል። እንጨት እንደሚነድድ ምድጃ ከላይ አይቆሰቁሱትም፤ የከሰል እሳት ከላይ ሲነካ ይከፋል። አዲስ ከሰል ሲጨምሩ ፍሙን በሙሉ አይሸፍኑም። በአንድ ጥግ ቀይ ፍም ክፍት ይተዋሉ፤ ከአዲሱ ከሰል የሚወጣው ጋዝ በዚያ ተቀጣጥሎ በሰማያዊ ነበልባል ይቃጠላል። ሙሉ በሙሉ ከተሸፈነ ጋዙ በምድጃው ውስጥ ይጠራቀምና አንዴ ሲቀጣጠል በሩን አስበርግዶ ይፈነዳል፤ የምድጃውን ቧንቧ ከመገጣጠሚያው የነቀለበት ጊዜም አለ።

የአመድ ሳጥኑ ከመኝታ በፊት ይደፋል። አመዱ ተከምሮ ፍርግርጉን ከነካ ከታች የሚያቀዘቅዘው አየር ይቋረጥና ብረቱ ይጣመማል። የተጣመመ ፍርግርግ በብርዱ መሀል የሚያሠሩት ዕቃ አይደለም፤ ስለዚህ ጠንቃቃው ሰው መለዋወጫውን አስቀድሞ ይገዛል። የተደፋው አመድ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ከቤት ርቆ ይቀመጣል፤ ፍም አመድ ውስጥ ተደብቆ ከአንድ ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል። የበሩ ጓርኒሲዮን ያረጀ እንደሆነ በወረቀት ይፈተናል፦ ወረቀቱን በበሩና በምድጃው መካከል አድርጎ ዘግቶ መሳብ ነው። ወረቀቱ ያለ ችግር ከወጣ አየርም ያለ ችግር ይገባል።

እዚያ ያለው ጥልቅ ብርድ የሚያመጣው ጣጣ ከለዘበው ቀን ተቃራኒ ነው። ስበቱ ከመጠን በላይ ይበረታና እሳቱን ያስቆጣል። ምድጃው ይቀላል፣ ሙቀቱ ቤቱን ሳያሞቅ በጭስ ማውጫው ያመልጣል። ለዚህ ነው በቧንቧው ላይ ራሱን በራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ የስበት መቆጣጠሪያ ክንፍ የሚገጥሙት፤ ስበቱ ሲያይል ክንፉ ተከፍቶ የክፍሉን አየር ወደ ቧንቧው ይለቅና ያረግበዋል። አንዳንዶች የስበቱን ግፊት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ግድግዳ ላይ ሰቅለው በየማታው ያዩታል። ዶክተር የደም ግፊት እንደሚለካው መሆኑ ነው፤ ቁጥሩ ከወትሮው ሲወርድ ቧንቧው እየተደፈነ እንደሆነ ሰው ሳይታመም ይታወቃል።

ቧንቧው የሚደፈነው በምን ነው? የአንትራሳይት ጭስ ማውጫ እንደ እንጨት ጥላሸት ስለማያበጅ መጠረግ አያስፈልገውም የሚሉ አሉ፤ ተሳስተዋል። ዱቄት የመሰለ ግራጫ አመድ ከጋዙ ጋር እየተነሣ በቧንቧው መታጠፊያ ላይ ይተኛል፣ ቀስ በቀስም ያጠበዋል። ከሰሉ ውስጥ የነበረው ሰልፈር ደግሞ በዚያ አመድ ውስጥ ይቀራል፤ በበጋ የአየር እርጥበት ሲነካው አሲድ ሆኖ ብረቱን ይበላዋል። በመከር ሊጠርጉ የመጡ ሰዎች ቧንቧውን ሲነኩት እጃቸው ላይ ይፈረፈራል። ጥንቁቆቹ የሚጠርጉት እሳቱ በጠፋ ሰሞን፣ በፀደይ ነው። ለጃንዋሪ ብርድ የሚደረገው ዝግጅት በሜይ ይጀምራል ማለት ነው። ኡላንባታር ጥሬ ከሰሉን የከለከለችው በሜይ ነበር፤ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ባሉት ወራት በየጌሩ እየዞሩ ቧንቧ ለመፈተሽ ጊዜው ነበር።

በጀት አልነበረም ይባል ይሆናል። ሞንጎሊያ ሀብታም አገር አይደለችም፤ ሕፃናት በጭሱ እየታመሙ ባሉበት መንግሥት ሁሉ ነገር እስኪሟላ መጠበቅ ነበረበት ማለትም ጭካኔ ነው። ጥሬ ከሰሉ መከልከሉ ልክ ነበር። ይሁን እንጂ ለብሪኬቱ ድጎማ የተገኘው ገንዘብ ከፊሉ ለቧንቧና ለማንቂያ መሣሪያ ቢመደብ ከባድ የሚባል ወጪ አልነበረም። መሣሪያው ሰው ከሞተ በኋላ መታደሉ ራሱ ገንዘቡ እንደነበረ ያሳያል።

ሌሎች አገሮች ነዳጁንና ምድጃውን አንድ ላይ የያዙበት ጊዜ አለ። በዲሴምበር 1952 ለንደንን ለ5 ቀናት ያፈነው ጭጋግና ጭስ በመጀመሪያው ቆጠራ 4,000 ያህል ሰዎችን ገድሏል፤ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ቁጥሩን እስከ 12,000 ያደርሱታል። በ1956 የወጣው የንጹሕ አየር ሕግ የሚጨስ ከሰልን በተመረጡ አካባቢዎች ሲከለክል በዚያው ላይ አንድ ነገር ጨመረ። ቤተሰቡ አዲሱን ጭስ አልባ ነዳጅ እንዲያነድድበት የእሳት ቦታውን ለመቀየር ከሚያወጣው ተገቢ ወጪ ቢያንስ ከ10 እጅ 7ቱን የአካባቢው ምክር ቤት እንዲሸፍን አዘዘ። የሕጉ አርቃቂዎች አዲስ ነዳጅ በአሮጌ ፍርግርግ ላይ እንደማይነድድ ያውቁ ነበር። የፖላንዷ ክራኮቭም ኡላንባታር ጥሬ ከሰልን በከለከለችበት በዚያው በ2019፣ በሴፕቴምበር 1፣ ከሰልና እንጨት ማንደድን ከለከለች። ከዚያ አስቀድሞ ግን ለዓመታት አሮጌ ምድጃዎችን በከተማው ገንዘብ ስታስነቅል፣ የማሞቂያ ወጪያቸው ለጨመረባቸው ድሆችም ስትደጉም ቆይታለች።

የተገላቢጦሹም አለ። በ2017 ሰሜን ቻይና ውስጥ በየመንደሩ የከሰል ምድጃ እየተነቀለ በጋዝ ሊተካ ታዘዘ። ምድጃው ተነቀለ፤ ጋዙ ግን በአንዳንድ ቦታ አልደረሰም። በሄቤይ ክፍለ ሀገር ተማሪዎች ከክፍላቸው ይልቅ ፀሐይ የሚሞቀው ደጅ ተሽሎአቸው ሜዳ ላይ ሲማሩ ታዩ። የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴሩ በዲሴምበር ለውጡ ያላለቀባቸው ቦታዎች ወደ ከሰል እንዲመለሱ ለመፍቀድ ተገደደ። ጉድለቱ የኡላንባታሩ ወንድም ነው፤ ትእዛዙ ከመሥሪያ ቤት ሲወጣ ምድጃው ዳር ቆሞ ያየው ሰው አልነበረም።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ አይደለም። ደጋው ላይ በብርድ ወራት፣ በአዲስ አበባም በሐምሌና ነሐሴ ዝናብ፣ ከሰል ማንደጃ መኝታ ቤት ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ያው ነው፤ ልዩነቱ የእኛ ማንደጃ ጭስ ማውጫ የሚባል ነገር ጨርሶ የሌለው መሆኑ ነው። የኡላንባታር እናት ያላትን ቧንቧ መፈተሽ ትችላለች፤ በኪራይ ክፍል ውስጥ ማንደጃዋን አልጋ ሥር የምታስቀምጠው ሴት የምትፈትሸው ነገር የላትም። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በየጊዜው ያስጠነቅቃል፤ ሞቱ ግን አልቆመም።

አንዱ ምክንያት ማስጠንቀቂያው ከልማዱ ጋር ፊት ለፊት አለመግጠሙ ነው። ብዙ ሰው ጠንቃቃ ነኝ ብሎ ያምናል፤ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሎ፣ ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን ነው የሚያስገባው። ያ ጥንቃቄ የሚያስወግደው ዓይን የሚያቃጥለውን ጭስ ነው። ቀይ ሆኖ፣ አመድ ለብሶ፣ የሚያምረው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ መስጠቱን አያቆምም። ጋዙ ከአየር ጋር ክብደቱ ተቀራራቢ ስለሆነም በክፍሉ ሁሉ ይዳረሳል፤ ከፍ ያለ አልጋ ላይ መተኛት አያድንም። «በመኝታ ቤት ከሰል አታንድዱ» ከማለት ይልቅ «ፍም ሆኖም ይገድላል» ቢባል የሚሰማው ሰው ይበዛል። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመውና ደጅ ሲወጣ ከተሻለው ጉንፋን አይደለም። ወደ ደጅ መውጣት፣ ከዚያም ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል፤ በንጹሕ ኦክስጅን ጋዙ ከደም የሚለቅበት ጊዜ በተራ አየር ከሚወስደው ወደ ሩብ ገደማ ያጥራል።

በውጭ የሚኖሩት ኢትዮጵያውያንም ከዚህ አላመለጡም። በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስን የመታው ብርድ የኤሌክትሪክ መስመሩን ሲያንኮታኩተው ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሰዉ ጄኔሬተር ጋራዥ ውስጥ አስነሣ፣ ከሰል ሳሎን ውስጥ አቀጣጠለ፣ መኪና ውስጥ ለመሞቅ ሞተር አስነሣ፤ በካርቦን ሞኖክሳይድ ከሞቱት መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩበት። ማንቂያ መሣሪያን በሕግ የሚያስገድዱ የአሜሪካ ግዛቶች አሉ። የሚኒሶታ ሕግ ለምሳሌ እያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ ርቀት ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ እንዲኖረው ያዛል፤ ስለዚህ ሚኒያፖሊስ ተከራይቶ የሚኖር ሰው አከራዩን ለመጠየቅ ሕግ ከጎኑ ነው። መሣሪያው ግን ለዘላለም አይሠራም። ጋዙን የሚለየው ክፍል እንደ ሥሪቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ያገለግላል። ቁልፉን ሲጫኑት ድምፅ መስጠቱ ባትሪውና ጩኸቱ ደኅና መሆናቸውን እንጂ ጋዝ መለየቱን አያረጋግጥም፤ የሚታየው ከጀርባው የታተመው ቀን ነው።

አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለ ሕግ የለም፤ መሣሪያውም በየሱቁ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ማንደጃው ከመኝታ ቤት የሚወጣው ተከራዩ ሌሊቱን በሌላ ነገር መሞቅ ሲችል ነው። ኡላንባታር በዚህ በኩል አንድ ጠቃሚ ነገር ሞክራለች፤ በጌር ሰፈሮች የሌሊቱን የኤሌክትሪክ ታሪፍ ቀንሳ ቤተሰቡ ከሰል ሳይጨምር እንዲያድር አበረታትታለች። አብዛኛው ኃይሉ ከውሃ በሚመነጭባት ኢትዮጵያ የሌሊት ታሪፍ ለአንድ ክፍል ቤት ነዋሪ ቢታሰብ፣ ቆጣሪ ለአምስትና ለስድስት ተከራይ በጋራ የሚሆንበት አሠራርም ቢፈታ፣ ውይይቱ ከማስጠንቀቂያ አልፎ ወደ ገንዘብና ወደ መስመር ዝርጋታ ይሸጋገራል። ያ መጠየቅ ያለበት ከክረምቱ በፊት፣ በጀት በሚያዝበት በግንቦትና በሰኔ ነው።